ጀልባ የሚያሰምጠው ሽንት ቤት

ጀልባን የሚያሰምጣት ምንድን ነው? ተብሎ ቢጠየቅ፣ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሐበሻ የሚመልሰው ማዕበል፣ ዐለት ወይም ዐውሎ ነፋስ ብሎ ነው። የአሜሪካ የጀልባ ኢንሹራንስ ድርጅቶች ግን ካሣ ሲከፍሉ የታዘቡትን ደጋግመው ጽፈዋል፤ በጉዞ ላይ ከሚሰምጡት ጀልባዎች ይልቅ ወደብ ላይ ታስረው፣ ነፋስ በሌለበት፣ ባለቤታቸው ቤቱ ተኝቶ ሳለ የሚሰምጡት ይበዛሉ። ከመንስኤዎቹም አንዱ ስሙን በምግብ ገበታ አጠገብ የማንጠራው ነገር ነው። ሽንት ቤቱ።

አንባብያን ይቅርታ ያድርጉልኝና የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነው። በስደተኛ ጋዜጣ ላይ ስለ ፖለቲካው ብዙ ይጻፋል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ግን ያለፉትን ሁለት ወራት ቅዳሜና እሑድ ያሳለፍኩት በአንዲት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ሆድ ውስጥ ተንበርክኬ ቱቦ ስይዝ ስለሆነ፣ ያየሁትንና የተማርኩትን ብጽፍ ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ወገኖቻችን ጀልባ መግዛት ጀምረዋል።

ከዋሽንግተን ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ አናፖሊስ ይደረሳል። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ እዚያ ነው። ሦስት ወዳጆቼ፣ ሁለቱ ታክሲ ነጂዎች አንዱ የሆስፒታል ሠራተኛ፣ የዕቁብ ብራቸውን አዋጥተው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች፣ 30 ጫማ ርዝመት ያላት ጀልባ ገዙ። ለዚህ ያበቃቻቸው የአንደኛው ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ሸራ መወጠርና መሪ መያዝ ተምራ አባቷን ዕረፍት ነሣችው። ዋጋዋ ከአሮጌ ቶዮታ አይበልጥም። በዚህ አገር አሮጌ ጀልባ ርካሽ ነው፤ የሚወደደው ከተገዛ በኋላ ነው።

ዕቅዳቸው በመጀመሪያው ሞቃት ቅዳሜ አምስት ልጆች ይዘው ጀልባዋ ላይ ለማደር ነበር። ከዚያ በፊት ግን «ጋሼ ይዩልን» ተባለ።

ጋሼ የምንላቸው ሰው የቀድሞው ባሕር ኃይል መካኒክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 ከአሰብ ወደ የመን ከተሻገሩት የጦር መርከቦች በአንዷ ላይ ነበሩ። አገራቸው ባሕር አጣች፤ እሳቸው ግን ባሕሩን አልለቀቁም። ዛሬ የሚተዳደሩት ጀልባ በመጠገን ነው። የመጡ ዕለት ሸራውንም ምሰሶውንም ቀና ብለው አላዩትም። ባትሪያቸውን አብርተው በቀጥታ ወደ ሽንት ቤቱ ገቡና ከመቀመጫው ጀርባ እጃቸውን ሰደዱ። ውኃ የሚዘጋውን ክብ እጀታ ለማዞር ሲሞክሩ እጀታው ተነቅሎ መዳፋቸው ላይ ቀረ። ወጥተው ለሦስቱም አሳዩዋቸው።

«እዚህች ጀልባ ላይ ልጅ አይተኛም» አሉ።

ሁለቱ ቀዳዳዎች

የቤታችን ሽንት ቤት ውኃውን ከከተማ ቧንቧ ተቀብሎ ቆሻሻውን ወደ ታች ይለቃል። የጀልባው ግን ከውኃው በታች የተቀመጠ ነው። መታጠቢያ ውኃውን ከባሕር የሚስበው በጀልባዋ አካል ላይ በተበሳ ቀዳዳ ሲሆን፣ ቆሻሻውን የሚያስወጣው ደግሞ በሌላ ቀዳዳ ነው። የመጀመሪያው ቱቦ ውስጡ 19 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 38 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በመካከላቸው ያለው በእጅ የሚገፋና የሚሳብ አንድ ፓምፕ፣ ጥቂት የጎማ ምላሶችና የሰው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

38 ሚሊ ሜትር ትንሽ መስሎ ይታያል። ከውኃው ወለል ግማሽ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ግን ቱቦው ቢላቀቅ በየደቂቃው ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። ሁለት መቶ ሊትር የሚይዘው የነዳጅ በርሜል ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይሞላል ማለት ነው። በትንንሽ ጀልባዎች ውስጥ የተለመደው የውኃ ማስወጫ ፓምፕ በሰዓት 500 ጋሎን ያወጣል ተብሎ ይሸጣል፤ ይህም በደቂቃ 32 ሊትር ቢሆን ነው፣ ያውም ባትሪው ሙሉ ሲሆን። ስሌቱን ለሦስቱ ወዳጆቼ ወረቀት ላይ ሳሰላላቸው የሆስፒታሉ ሠራተኛ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ለሚስቱ ሊያሳያት እንደሆነ በኋላ ነገረኝ፤ ልጆቹ ለምን እንዳላደሩ ማስረዳት ነበረበት።

ባሕር ሰርጓጅ መርከብ እንኳ በዚሁ ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1945 ዩ-1206 የተባለችው የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በስኮትላንድ ጠረፍ አጠገብ፣ በጥልቀት ላይ እንዳለች እንዲሠራ በተሰናዳው ሽንት ቤቷ ምክንያት ውኃ ገባባት። ውኃው ከባትሪዎቹ ጋር ተገናኝቶ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለፈጠረ ካፒቴኑ ካርል አዶልፍ ሽሊት ወደ ላይ ለመውጣት ተገደደ፤ እንደወጣችም አውሮፕላኖች አገኟት፤ መርከቢቱን ጥለው ወጡ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታሪኩ በሁለት መልክ ይነገራል። አንዳንዱ ካፒቴኑ ራሱ መዘውሩን አሳስቶ አዞረ ይላል፤ የካፒቴኑ ቃል ደግሞ ሽንት ቤቱ በጥገና ላይ ነበር የሚል ነው። ጋሼ ይህን ታሪክ ስነግራቸው ብዙም አልሳቁ። «ምን ያስቃል? ሰው ሞቶበታል እኮ» አሉ። እውነትም አራት ሰዎች ሞተውበታል።

ጎማውና ጄሪካኑ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቱቦው ሳይላቀቅ፣ ምንም ሳይሰበር፣ ሁሉም ነገር አዲስ ሆኖ ሳለም ጀልባ በሽንት ቤቷ ልትሰምጥ ትችላለች። ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ ቤንዚን በራሽን በነበረበት ዘመን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሹፌሩ የጎማ ቱቦውን አንድ ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ይከታል፣ ሌላውን ጫፍ በአፉ ይስባል፣ ቤንዚኑ ሲመጣ ቶሎ ብሎ ጄሪካኑ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው ቤንዚኑ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይፈስሳል። ጄሪካኑ ከበርሜሉ ዝቅ ብሎ እስከተቀመጠና ቱቦው ውስጥ አየር እስካልገባ ድረስ አይቆምም።

በርሜሉን ባሕር፣ ጄሪካኑን የሽንት ቤት ሳሕን አድርጋችሁ አስቡት። አንድ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ሽንት ቤት ይገባል፣ ፓምፑን ይገፋል፣ ቱቦው በውኃ ይሞላል፣ ሰውየው ተመልሶ ይተኛል። ሳሕኑ ከባሕሩ ወለል ዝቅ ያለ ከሆነና የፓምፑ ጎማ ላይ አንዲት የጨው ቅንጣት ወይም ፀጉር ከተጋደመች ውኃው መምጣቱን አያቆምም። ሳሕኑ ሞልቶ ይፈስሳል። ባሕሩ ደግሞ አያልቅም።

ፓምፑ ላይ «ውኃ ይግባ» እና «ውኃ አይግባ» የምትል ትንሽ ማዞሪያ አለች። ብዙ ሰው እሷን እንደ መዝጊያ ይቆጥራታል። መዝጊያ አይደለችም። የምትሠራው ፓምፑ ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ባሕር አግዳ እንድታድር አልተሠራችም።

ሳሕኑ ከውኃው በላይ ቢሆንስ? የሚል ይኖራል። ባለ ሞተር ጀልባ ከሆነ ምናልባት። ባለ ሸራ ጀልባ ግን ነፋስ ሲመታት ወደ ጎን ታዘነብላለች፤ ወደብ ላይ ከውኃው በላይ የነበረው ሳሕን ያን ጊዜ ከውኃው በታች ይሆናል። ስለዚህ የሚለካው ታስራ ቆማ ሳይሆን በጣም ባዘነበለችበት ሁኔታ ነው። የታወቀው የጃብስኮ ሽንት ቤት መመሪያ የሳሕኑ አፍ በማናቸውም የማዘንበል ሁኔታ ከውኃው ወለል ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካላለ መከላከያ ይደረግለት ይላል።

መከላከያው ቀላል ነው። ቱቦው ሽቅብ ከውኃው በላይ እንዲወጣ ተደርጎ፣ ጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ከዘራ ቆልመም ብሎ ተመልሶ እንዲወርድ ይደረጋል። ቁልምሙ አናት ላይ አየር የምታስገባ፣ ውኃ ግን የማታስወጣ ትንሽ ቀዳዳ ባለ ጎማ ምላስ አለች። ፓምፑ ሲቆም አየር ትገባና የውኃው ገመድ ይበጠሳል፤ ልክ ሹፌሩ ጎማውን ከቤንዚኑ ሲያወጣ እንደሚቆመው። ጋሼ ይህን ዕቃ «ከዘራው» ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው ለመድነው። የከዘራው አናት ጀልባዋ ስታዘነብልም ከውኃው በላይ መቅረት ስላለበት በተቻለ መጠን ወደ ጀልባዋ ወገብ መጠጋት አለበት፤ ወደ ጎን የተሰቀለ ከዘራ በዚያው ጎን ስታዘነብል አብሮ ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ። በመግቢያው ቱቦ ላይ ከዘራው የሚገባው በፓምፑና በሳሕኑ መካከል ነው እንጂ በባሕሩና በፓምፑ መካከል አይደለም። በባሕሩ በኩል ከተደረገ ፓምፑ ውኃ በመሳብ ፈንታ በዚያች ትንሽ ቀዳዳ አየር ይስባል፣ ሳሕኑ ደረቅ ይሆናል፣ ባለቤቱም ይናደድና ቀዳዳዋን በማስቲሽ ይደፍናታል። ከዘራው ተሰቅሎ ይታያል፤ ጥቅሙ ግን የለም። የእኛይቱ ጀልባ የቀድሞ ባለቤት እንዲሁ አድርጎ ነበር። ማስቲሹ ደርቆ፣ ጠቁሮ እዚያው ተገኝቷል።

ብረቱ፣ ቱቦውና ፋሼታው

ጀልባዋን በክሬን ከውኃ አውጥተን በእንጨት ላይ አስቀመጥናት። ከውኃ ሳትወጣ በዚህ ሥራ ላይ እጁን የሚያነሣ ሰው ካያችሁ ራቁት።

እጀታው የተነቀለው ቫልቭ ሠፈር ውስጥ ለአትክልት ውኃ የምንጠቀምበት ዓይነት፣ እየዞረ የሚዘጋ ነበር። ይህ ዓይነቱ ጀልባ ላይ የተወገዘ ነው፤ ተዘግቶ ይሁን ተከፍቶ በዓይን አይታይም፣ ውስጡም ተበልቶ ሳለ ውጪው ደኅና ይመስላል። የሚያስፈልገው ሩብ ዙር ብቻ የሚዞር፣ ረጅም እጀታ ያለው ነው። እጀታው ከቱቦው ጋር ትይዩ ሲሆን ክፍት፣ ሲጋደም ዝግ ነው። በጨለማም በእጅ ዳብሶ ማወቅ ይቻላል።

ብረቱም ቁም ነገር አለው። ከሃርድዌር መደብር የሚገዛው ቢጫ ብራስ ዚንክ አለበት፤ የጨው ውኃ ዚንኩን እየመጠጠ ይወስድና የሚቀረው ሮዝ መልክ ያለው፣ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር መዳብ ነው። ጋሼ አሮጌውን ዕቃ በመዶሻ ነካ ቢያደርጉት ለሁለት ተከፈለ። ለባሕር የተሠራው ግን ብሮንዝ ነው፤ ዋጋው በብዙ ይበልጣል። ሌላም ወጥመድ አለ። በአሜሪካ የጀልባ አካል ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ ጥርሱ ቀጥ ያለ ሲሆን፣ ከመደብር የሚገዛው ቫልቭ ጥርስ ግን እየጠበበ የሚሄድ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ነክሰው ይይዛሉ፤ የጠበቁ ይመስላሉ፤ አንድ ሰው ረግጧቸው ቢያልፍ ግን ይነቀላሉ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚያው አናፖሊስ የሆነው የአሜሪካ የጀልባና ያክት ምክር ቤት ባወጣው ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ መዝጊያ ከተገጠመ በኋላ 500 ፓውንድ፣ ማለትም 227 ኪሎ ያህል ጫና፣ ለ30 ሰከንድ መቻል አለበት። ጋሼ ይህን የሚፈትኑት ቆመውበት ነው። ክብደታቸው 227 ኪሎ ባይደርስም ሲቆሙበት የሚያሳዩት ፊት ደንቡን ያሟላል።

ስለ ፋሼታ ብዙ አልጽፍም። በእያንዳንዱ የቱቦ ጫፍ ላይ ቦታው ከበቃ ሁለት ሁለት ይደረጋል፣ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አይዝጌ መሆን አለባቸው። አንዳንዱ ቀበቶው አይዝጌ ሆኖ ቡሎኑ ተራ ብረት ስለሚሆን ማግኔት ይዞ መሄድ ነው። ቱቦው አልገባ ካለ ጫፉን በሙቅ ውኃ ማለስለስ እንጂ በግሪስ መቀባት አይገባም። በእያንዳንዱ መዝጊያ አጠገብ ደግሞ ሾጣጣ የእንጨት ውታፍ በገመድ ታስሮ ይንጠለጠል፤ የሚያስከፍለው ከአንድ ቡና አይበልጥም።

የቆሻሻው መውጫ

በሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወዳጄ «ሰፊ ባሕር ነው፣ ምን ችግር አለው?» ባይ ነበር። ችግሩ ሕግ ነው። በአሜሪካ የውኃ ንጽሕና ሕግ አንቀጽ 312 መሠረት ከባሕር ዳርቻ በሦስት የባሕር ማይል፣ ማለትም በ5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ያልታከመ ቆሻሻ መልቀቅ ክልክል ነው። ቼሳፒክ ደግሞ ምንም ሰፊ ቢመስል የአገር ውስጥ ውኃ ነው። አንዳንዶች ወደ ታንክም ወደ ባሕርም የሚልክ ባለ ሁለት መንገድ ቫልቭ ያስገባሉ፤ እሱም በክልሉ ውስጥ ሳሉ ቁልፍ ተደርጎበት ወይም እጀታው ወልቆ መገኘት አለበት። ተቆጣጣሪዎቹ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ናቸው። ገና ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው እነሱን በዚህ ጉዳይ ማግኘት አይፈልግም።

ጋሼ ክርክሩን በአንድ ቃል ዘጉት። «ከቼሳፒክ አትወጡም። ታዲያ ቀዳዳው ምን ያደርግላችኋል?» የ38 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ጭራሽ እንዲደፈን ተወሰነ። ዝም ብሎ መውተፍ ግን አይደለም። ዙሪያውን እንደ ሳሕን ለጥ አድርጎ መፋቅና ፋይበርግላሱን በንብርብር መደረብ ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ይፋቃል። የጀልባዋ አካል ወፍራም ስለነበር ይህ ብቻ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ወሰደብን። እኔ ግን ከሠራነው ሁሉ የምተማመንበት እሱን ነው። የሌለ ቀዳዳ አያፈስስም።

አሁን ቆሻሻው ወደ ታንክ ይገባል፤ ታንኩ ሲሞላ ማሪናው ውስጥ ባለው መምጠጫ በጀልባዋ ጣሪያ በኩል ይመጠጣል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ሕግ ለነዚህ መምጠጫዎች ገንዘብ ስለመደበላቸው በብዙ ቦታ ክፍያው ጥቂት ዶላር ነው።

ታንክ ሲባል የሚረሳው የአየር መተንፈሻው ነው። መተንፈሻው ቀጭን ከሆነ ወይም ሸረሪት ከደፈነው ሁለት ነገር ይመጣል። መምጠጫው ሲስብ ታንኩ እንደ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጨማደዳል፤ ፓምፑ ሲገፋ ደግሞ ይወጠርና ሊፈነዳ ይችላል። ሌላው ጋዙ ነው። አየር ያላገኘ ቆሻሻ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝ ይፈጥራል፤ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ «ሽታው ጠፋ» ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። አሮጌውን ታንክ ስንነቅል መስኮቱን ሁሉ ከፍተን፣ ቬንቲላተር አስነሥተን፣ አንድ ሰው ውጪ ቆሞ እየጠራን ነበር የሠራነው። መተንፈሻውን በሰፊው፣ በአንድ ኢንች ቱቦ ለወጥነው።

የመጠጥ ውኃውን ከሽንት ቤቱ ጋር ማገናኘትም አለ፤ የባሕር ውኃ ይሸታልና ይላሉ። ቤት ውስጥ ያለውን የመጠጥ ገምቦ ከሽንት ቤት ጋር በቱቦ እንደማገናኘት ነው። አምራቾቹም አታድርጉ ይላሉ።

ፈተናው

ጀልባዋ ወደ ውኃ ተመለሰች። ጋሼ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ደረቅ የወጥ ቤት ወረቀት አንጥፈው መግቢያውን ከፈቱና ሁላችንንም አስቀመጡን። አንድ ሰዓት ሙሉ። ልጅቷ ብቻ ፓምፑን አሥር አሥር ጊዜ እየገፋች ሳሕኑ ውስጥ ያለው ውኃ ከፍ ማለት አለማለቱን በእርሳስ ምልክት ታደርግ ነበር። አንደኛው ወረቀት ረጠበ፤ ፋሼታው ሁለት ዙር ጠበቀ፤ ሌላ ሰዓት ቁጭ አልን። ከዚያ ጋሼ ሦስቱን ወዳጆቼን ወደ አንድ ጎን አስቁመው ጀልባዋን አዘነበሏትና እንደገና አዩ።

በሩ ላይ የለጠፉት ወረቀት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ ከልጆቹ ግማሾቹ አማርኛ አያነቡምና። ከተጠቀምክ በኋላ መዝጊያውን ዝጋ፤ ያልበላኸውን ነገር አትጣል፤ በረኪና አታፍስስ። በረኪናና የቧንቧ ማጽጃ ኬሚካል የፓምፑን ጎማዎች ይበላሉ፤ ከሽንትና ከባሕር ውኃ የሚፈጠረውን የኖራ ቅርፊት ለማላቀቅ ተራ ነጭ ኮምጣጤ በየጊዜው ጨምሮ ማሳደር ይበቃል። የመውጫው የጎማ ምላስ በዓመት አንዴ ይቀየራል፤ አንድ ትርፍ ተገዝቶ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል።

አምስቱ ልጆች በሚቀጥለው ቅዳሜ አደሩ። አባቶቻቸው ግን ብዙም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ተራ በተራ ባትሪ እያበሩ የመዝጊያውን እጀታ ሲያዩ ነው ያደሩት።

ለጊዜው የቀረው የክረምቱ ሥራ ነው። ቼሳፒክ ላይ ብርዱ ሳይጠነክር፣ በኖቬምበር መጀመሪያ ገደማ፣ ፓምፑና ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ውኃ ወጥቶ ሮዝ ቀለም ያለው የማይረጋው ፈሳሽ መገፋት አለበት፤ አለዚያ ውኃው በረዶ ሆኖ ፓምፑን ይሰነጥቀዋል። አረንጓዴው የመኪና ፈሳሽ መርዝ ስለሆነ አይሆንም። ሮዙን ሁለት ጋሎን ገዝተናል።